«ያቺን ሦስት ፍሬዋን ስጠኝ» ሲባል፦ ለመሀል አዲስ አበባ ፋርማሲስቶች የባንኮኒ መመሪያ

ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ስትወርዱ፣ ወይም በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ስትታጠፉ ፋርማሲ አይጠፋም። አንዱ ካንዱ ጎን ነው። ለታማሚ ጥሩ ነገር ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አልሸጥም ላለ ፋርማሲስት ግን ፈተና ነው። «አይሆንም» የተባለ ደንበኛ አይከራከርም። ዝም ብሎ ይወጣና የሚቀጥለውን በር ይገፋል።

ሕጉን የማያውቅ ባለሙያ የለም። አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ አለቀ። ጭንቁ ሌላ ቦታ ነው። ከኋላ ሰው ተሰልፏል፣ ባለቤቱ ኪራዩን እያሰበ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ብሩን አውጥቶ ዘርግቷል። ያኔ ምን ይባላል?

እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንቲባዮቲክ ከልክለን ሰውን ባዶ እጁን ከሸኘነው ምንም አልሠራንም። ለጎረቤት ፋርማሲ ደንበኛ ልከንለታል። ሥራው የሚጀምረው ከ«አይሆንም» በኋላ ነው፤ በምትኩ ምን ሰጠነው? ወዴት ላክነው? ምን ብለን አስረዳነው? ይህ መመሪያ በዋናነት ስለዚያ ነው።

ለምን እንደምንለፋ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት እንደሞተ ይገመታል። ከባዱ ሸክም ያረፈው ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። ደንበኞቻችን ብዙ ጊዜ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ይላሉ። የሚለምደው ባክቴሪያው ነው። የለመደው ባክቴሪያ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ በሕይወቱ አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። ይህችን ብቻ በደንብ ብታስረዱ ትልቅ ነገር ነው።

አንደኛ፦ ቤታችሁን አስተካክሉ

ጠዋት የገባችው ፋርማሲስት «ማዘዣ ይዘው ይምጡ» ብላ የመለሰችውን ሰው ማታ ተረኛው ከሸጠለት፣ ሰውዬው የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ማታ መምጣት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቤት ውስጥ ስምምነት ነው። ባለቤቱ፣ ፋርማሲስቶቹ፣ ድራጊስቶቹ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ጭምር። ገንዘብ ተቀባይዋን አትርሱ። ብዙ ቤት ደንበኛው መጀመሪያ የሚያናግረው እሷን ነው።

ከባለቤቱ ጋር ስታወሩ ስብከት አታብዙ። በሥራ ቋንቋ አውሩ። ያለ ማዘዣ መሸጥ ቁጥጥር ሲመጣ ፈቃድን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው። በምትኩ የሚሸጥም አለ፤ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው)፣ ዚንክ፣ ፓራሲታሞል፣ የአፍንጫ ጨው ውሃ፣ ቴርሞሜትር። ደግሞ ጊዜ ወስዶ ያናገረውን ፋርማሲ ሰው አይረሳም። ገቢው በመጀመሪያው ወር ምንም አይነካም ብዬ አልዋሽም። ይነካል።

ከዚያ መደርደሪያው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው በቅድሚያ የሚታዘዙት ነው፤ አሞክሲሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ናይትሮፉራንቶይን እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ባክቴሪያ ቶሎ ሊላመዳቸው ስለሚችል በጥንቃቄ የሚታዘዙት ነው፤ አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን፣ ሴፊክሲም፣ ሴፍትሪያክሶን። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው፤ እንደ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ ያለ። በየመደርደሪያው ጠርዝ እንደ ቅደም ተከተላቸው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ወረቀት ለጥፉ። ከባንዲራችን ጋር መገጣጠሙ ለማስታወስ ይመቻል። ቢጫዎቹን ደንበኛ በጣቱ ሊጠቁማቸው ከሚችልበት ቦታ አንሱ። የሚታይ ነገር ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አገሮች አንድ ግብ አስቀምጠዋል። በ2030 ለሰው ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከአረንጓዴው እንዲሆን ነው። የእናንተ ቤት ስንት እንደሆነ መቁጠር ይቻላል። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ስም ሲጠሩላችሁ ሕመሙን ጠይቁ

ደንበኛው የሚመጣው የመድኃኒት ስም ይዞ ነው። «አሞክሲሊን አንድ ስትሪፕ»። «ያቺ ባለ ሦስት ፍሬዋን»፤ አዚትሮ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ያለቀ ስትሪፕ ከኪሱ ያወጣል። አንዳንዱ አክስቱ በቴሌግራም የላከችውን ፎቶ ያሳያል። የመጀመሪያው መልሳችሁ «አለ» ወይም «የለም» አይሁን። «ለማን ነው?» ይሁን።

ይህች ጥያቄ ብዙ ነገር ትፈታለች። መሀል ከተማ ባንኮኒው ፊት የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ታማሚው አይደለም። የተላከ ልጅ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የቤት ሠራተኛ ናት። የተላከ ሰው ስለ ሕመሙ ሊነግራችሁ አይችልም። «ደውልልኝና እኔ ላናግራቸው» በሉ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ጊዜም መልሱን ይቀይረዋል።

ከዚያ በተራ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ምን ይሰማዋል? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት አለው? እስካሁን ምን ወሰደ? መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ አብጦ ወይም ሽፍ ብሎበት ያውቃል? ሴት ከሆነች እርግዝና አለ? ስኳር፣ ኩላሊት፣ ሌላ የቆየ ሕመምና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒትስ?

«እስካሁን ምን ወሰደ?» የምትለዋን አትዝለሉ። የተረፈ አሞክሲሲሊን ሁለት ቀን ወስዶ፣ «አልሠራልኝም፣ ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብሎ የሚመጣው ብዙ ነው። ጠንከር ያለ የሚባለው ሁሌም ቢጫው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። ያልሠራበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ መጀመሪያውኑ ባክቴሪያ ስላልሆነ ነው።

አንድ ነገር ስለ ድምፅ። ወጣቱ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ሲላችሁ፣ እናንተም ጎንበስ በሉ። ሰልፉ ፊት ጮክ ብሎ መጠየቅ ሰውን ያባርራል። ወደ ጥግ ሳብ አድርጋችሁ አናግሩት። ፈሳሽ ካለው ጨብጥ ሊሆን ይችላል፤ ያ በግምት የሚታከም አይደለም። የጨብጥ ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል። እሱም፣ አብራው ያለችውም መታከም አለባቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ያለ ነቀፌታ ላኩት።

ሦስተኛ፦ ሕመሙን ለዩ፣ በምትኩ የሚሰጠውን ስጡ

ከሁሉም ሰፊው እርምጃ ይሄ ነው።

*ጉንፋንና ጉሮሮ።* አንቲባዮቲክ በብዛት በከንቱ የሚጠየቀው እዚህ ጋ ነው። ጉንፋን ቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊንም አዚትሮም ቫይረስን አይነኩም። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም። ሰዎች ይህን አያምኑም፤ በትዕግሥት ንገሯቸው። ጉንፋን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሳሉ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በአራተኛው ቀን አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲሻለው መድኃኒቱን ያመሰግናል። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ይጠይቃል።

በምትኩ ምን? ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል። በጨው ውሃ መጉመጥመጥ። ለታፈነ አፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታ። ትኩስ ነገር፤ ዝንጅብል ያለው ሻይ በማር። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። «ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣነው» ያለችውን እናት አትሳቁባት። የሳቃችሁባት እናት ሁለተኛ አትነግራችሁም፤ እናንተ ደግሞ ልጁ ምን እንደወሰደ ማወቅ አለባችሁ።

አሁን ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ። «ጉሮሮ ቫይረስ ነው» ብላችሁ ሁሉንም አትሸኙ። አገራችን ውስጥ በልጅነት ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ያመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ ዛሬም አለ። የዚያ ምክንያት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየና አንገቱ ላይ የሚያም እብጠት ካለ፣ ያ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የልብ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ለእናቱ «ነገ ዛሬ አይበሉ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» በሏት። አንቲባዮቲክን ማዳን ማለት የሚያስፈልገውን ልጅ መንፈግ ማለት አይደለም።

ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ትንፋሽ ቁጠሩ። ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከደከመ፣ ቆማችሁ አትመካከሩ። ወዲያው ላኩት። የግድግዳ ሰዓታችሁ የሰከንድ ቆጣሪ ይኑረው።

*የቆየ ሳል።* ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ክብደት መቀነስ፣ የማታ ላብ፣ ደም ያለው አክታ ካለማ ይባስ። ለዚህ ሰው ሲፕሮ ወይም ሊቮፍሎክሳሲን በፍጹም አትስጡ። እነዚህ መድኃኒቶች ቲቢውን ለጊዜው ያዳፍኑታል። ሰውዬው የተሻለው መስሎት ይመለሳል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ ቤተሰቡን ያስይዛል። ባክቴሪያውም እነሱን ይላመዳል። ደግሞ ሊቮፍሎክሳሲን ሌሎቹን መድኃኒቶች ለተላመደ ቲቢ የሚፈለግ መሣሪያ ነው። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሆነ ንገሩት። ብዙ ሰው የሚፈራው ወጪውን ነው።

*ተቅማጥ።* «አሜባ ነው፣ ፍላጂል ስጠኝ» የማይል የአዲስ አበባ ሰው ካገኛችሁ እንግዳ ነው፤ ፍላጂል የሚለው ሜትሮኒዳዞልን ነው። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። ኦአርኤስ ስጡ፤ እንዴት እንደሚበጠበጥም አሳዩ። እሽጉ ለ1 ሊትር የተዘጋጀ ከሆነ በትክክል 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። የታሸገ ውሃ ባለ 1 ሊትር ፕላስቲክ ለልክ ይመቻል። በብርጭቆ ቆንጥሮ መበጥበጥ አይሠራም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለልጆች ዚንክ ይጨመራል፤ ከ6 ወር በታች ላለ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ ይቀጥላል። ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ፣ ወይም ሰውዬው የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በብዛት ከወረደው፣ ሐኪም ቤት።

*«ታይፎይድና ታይፈስ አለብኝ»።* ይህቺ የመሀል ከተማ ነገር ናት። ሰው ደከመኝ ብሎ ክሊኒክ ይገባል፣ ዊዳል የሚባል የታይፎይድ የደም ምርመራ ይደረግለታል፣ ወረቀት ይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድ ለማለት አያስተማምንም። የድሮ ሕመም፣ ክትባት ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛው መለያ የደም ካልቸር ነው፤ ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ ማየት ማለት ነው። ውጤት ብቻ ይዞ ማዘዣ ሳይዝ የመጣን ሰው ወደ ሐኪሙ መልሱት፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ማዘዣ አይደለም። ማዘዣ ከያዘ ግን «ይሄ ምርመራ ዋጋ የለውም» ብላችሁ አታዋክቡት። ጥያቄ ካላችሁ ለሐኪሙ ነው።

*ሽንት።* ጤነኛ የሆነች፣ ያላረገዘች ሴት ላይ የሚያቃጥል ሽንት ብዙ ጊዜ ቀላል ኢንፌክሽን ነው፤ ያም ቢሆን በማዘዣ ነው። ሲፕሮን እንደ ልማድ የሽንት መድኃኒት አድርጋችሁ አትዩት። እርጉዝ፣ ወንድ፣ ልጅ፣ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ያለበት ሰው ዛሬውኑ ይመርመር።

*ጥርስ።* ፊት ሳያብጥ፣ ትኩሳት ሳይኖር የሚያም ጥርስ የሚፈልገው የጥርስ ሐኪም እንጂ ካፕሱል አይደለም። ማስታገሻ ስጡና ላኩት።

*ቁስል።* ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ዛሬም አለ። በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበልጣል።

አራተኛ፦ «አይሆንም» የሚባልበት መንገድ

ሕጉን አስቀድማችሁ አትጥቀሱ። «ሕግ ስለሚከለክል ነው» ስትሉ ሰውዬው የሚሰማው፣ ፍርሃት እንጂ ለእሱ ማሰብ እንደሌለ ነው። ስለ እሱ ጤና ጀምሩ።

«እናቴ፣ የነገሩኝ የቫይረስ ጉንፋን ነው የሚመስለው። ይሄ መድኃኒት አይነካውም፤ ሆድዎን አበላሽቶ ይመለሳል። ይልቅ ይህንን ይውሰዱ፣ እስከ ሐሙስ ካልቀለለዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ተመልሰው ይምጡ።»

«እስከ ሐሙስ» የምትለዋን ልብ በሉ። ቀን የተቆረጠለት ሰው ይረጋጋል። «ካልተሻለዎት» ብቻ ከሆነ ግን ማታውኑ ሌላ ፋርማሲ ነው።

«ባለፈው ሰጥተኸኝ የለ?» የሚል ይመጣል። አትከራከሩ። «አዎ ወንድሜ፣ አሁን ግን አሠራራችን ተስተካክሏል። ላንተው ብዬ ነው» በቂ ነው። «እዚያ ማዶ ይሸጥልኛል» ሲልም ስለ ማዶው ክፉ አታውሩ። «ምርጫው ያንተ ነው፤ እኔ ግን ለወንድሜም አልሰጠውም» በሉ።

ከባዱ የብር ጉዳይ ነው። ማዘዣ ይዞ መጥቶ «ለጊዜው የሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ፣ ብር ሳገኝ ቀሪውን እወስዳለሁ» የሚል አለ። ሰውዬው እየቀለደ አይደለም፤ የቸገረው ነው። ግን የሁለት ቀን መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። ከመስጠታችሁ በፊት አማራጭ ፈልጉ። በዚያው ስም ርካሽ ዓይነት አለ? ማዘዣው ላይ ከአንቲባዮቲኩ ሌላ ቪታሚን ወይም የሳል ሽሮፕ ካለ፣ ሁሉንም መግዛት ካልቻለ የትኛው ይቅደም? ይህን ንገሩት። ብዙ ሰው ሽሮፑን ገዝቶ አንቲባዮቲኩን የሚቆርጠው የትኛው ዋና እንደሆነ ስላልተነገረው ነው። ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ዋጋው ከቀነሰ እዚያ ላኩት። ባለቤቱ ቅር ይለው ይሆናል። ይለው።

አምስተኛ፦ ማዘዣ ሲመጣ

ማዘዣ መጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ቀኑን እዩ። ባለፈው ዓመት የተጻፈ ማዘዣ በስልክ ፎቶ የሚያመጣ አለ። መድኃኒቱን ስትሰጡ ወረቀቱ ላይ «ተሰጥቷል» ብላችሁ ማኅተም አድርጉበት፤ አለበለዚያ ጎረቤት ሁሉ ይገለገልበታል። ዕድሜና ክብደት፣ መጠን፣ የቀን ብዛት፣ አለርጂ አረጋግጡ። ለአንድ ጉንፋን ሁለት አንቲባዮቲክ ታዞ ካያችሁ ወይም የሕፃኑ መጠን የማይመስል ከሆነ ለሐኪሙ ደውሉ። «ዶክተር፣ ከፋርማሲ ነው። የ3 ዓመቷን ልጅ መጠን ላረጋግጥ ብዬ ነው» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ታማሚው ፊት ግን ሐኪሙን አትንቀፉ።

ፍሬውን ቁጠሩ። አሞክሲሲሊን በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን 21 ነው። ስትሪፑ ዐሥር ዐሥር ነው። ሁለት ስትሪፕ ሰጥቶ መሸኘት ይቀላል፤ ያቺ የቀረችው አንዷ ግን ከሦስተኛው ስትሪፕ ትቆረጥ።

«ቀን ሦስት ጊዜ» አትበሉ። ሰው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ላይ ይወስደዋል። ማለትም 2 ሰዓት፣ 7 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ሌሊቱን 12 ሰዓት ሙሉ መድኃኒት የለም። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ብላችሁ ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። በእኛ ሰዓት ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ።

ጾም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ዝም ብሎ ይዘላል፤ አይነግራችሁም። ጠይቁት። በረመዳንም እንዲሁ። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አማራጭ ካለ ለሐኪሙ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ኢፍጣርና ሱሑር ላይ ይመቻል። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ። የታመመ ሰው ጾሙ እንደሚፈታለት እናንተ ከምትሉት የንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ ቢሉት ይሻላል።

የልጆች ሽሮፕ። ዱቄቱ ጠርሙሱ ግርጌ ይጋገራል። ጠርሙሱን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አላቁት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ያህል ጨምሩ፣ በደንብ ናጡት። አረፋው ሲወርድ እስከ ምልክቱ ሙሉትና እንደገና ናጡት። አንድ ጊዜ ሞልቶ መነቅነቅ ከታች እብጥ ያለ ዱቄት ይተዋል፤ ልጁ መጀመሪያ ቀን ውሃ፣ መጨረሻ ቀን ጭቃ ይጠጣል። ከቻላችሁ እዚያው ባንኮኒው ላይ ለእናቲቱ በጥብጡላት። የቤት ማንኪያ አንዱ ካንዱ አይገናኝም፤ ምልክት ያለው ማንኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጧት፣ ልኩ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩላት። የተበጠበጠው እንደ መለያው ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል። አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ከሆነ ፍሪጅ ይፈልጋል። ፍሪጅ ከሌላት አሁኑኑ ንገሯት፣ መፍትሔ ፈልጉ። የተረፈው ለታናሹ አይቀመጥም።

አንድ ሁለት ማስጠንቀቂያ አትርሱ። ሲፕሮ ከወተት፣ ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይወሰድም። ዶክሲሳይክሊን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ። ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር አይሄድም፤ ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው። የኋለኛውን በግልጽ ካላላችሁ «ቢራ አልጠጣሁም» ብሎ ይመለሳል።

«ጨርሱት» ለሚለው ምክር አንድ ማስተካከያ አለኝ። ለብዙ ቀላል ኢንፌክሽን አጭር ሕክምና እንደ ረጅሙ እንደሚሠራ አሁን ይታወቃል። ስለዚህ የሚባለው «በታዘዘው ልክ ውሰዱ» ነው። «ሲሻላችሁ አቁሙ» አይባልም። «ለማንኛውም ሁለት ቀን ጨምሩበት» ደግሞ ጭራሽ አይባልም።

ስድስተኛ፦ ከሽያጭ በኋላ

በሦስተኛው ቀን ደውሉ። ለሁሉም አይቻልም፤ ለልጆችና ለአዛውንቶች ይበቃል። መድኃኒቱ ያልሠራ፣ ሽታው ወይም ቀለሙ የተለየ፣ ሽፍታ ያመጣ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ ቅጽ አለ፤ ሙሉና ላኩ። ደረጃውን ያልጠበቀ አንቲባዮቲክ ማለት ሳይታወቅ ግማሽ መጠን መስጠት ነው። ከታወቀ አስመጪ ውጪ፣ በሻንጣ የመጣ መድኃኒት መደርደሪያችሁ ላይ አይግባ።

ዶሮ የሚያረባ ሰው የሰው ቴትራሳይክሊን ጠይቆ ከመጣም አትስጡ። ወደ እንስሳት ሐኪም ላኩት።

ለማስተማር ጥሩ ሰሞን ኅዳር ነው። ዓለም አቀፉ የመድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ነው። ኅዳር ሲታጠንም እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ምክንያት በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ እንደሆነ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ያም ኢንፍሉዌንዛ፣ ቫይረስ ነበር። ስለ ጉንፋንና አንቲባዮቲክ ለማውራት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። እድር ላይ ወይም ትምህርት ቤት ዐሥር ደቂቃ ጠይቁ።

በመጨረሻ መዝገቡ። አንድ ደብተር፣ አምስት ዓምድ፦ ቀን፣ የተጠየቀው አንቲባዮቲክ፣ ማዘዣ አለ ወይስ የለም፣ ሕመሙ፣ የተሰጠው ወይም የተላከበት። የሰው ስም አይጻፍ። በወሩ መጨረሻ በማዘዣ ከወጣው ውስጥ አረንጓዴው ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ። አዚትሮና ሲፕሮ ከበዙ ማዘዣዎቹ ከየት እንደሚመጡ እዩ። ከአንድ ክሊኒክ ከሆነ ሄዳችሁ ሐኪሙን በአካል አናግሩት፤ ሻይ ጋብዙት። ያለ ማዘዣ የተጠየቀው በተወሰነ ሰዓት ወይም ቀን ከበዛ፣ በዚያ ተራ ልምድ ያለው ሰው መድቡ። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ከባለቤቱ ጋር ተቀመጡ።